ፎቶ አንሺው ያጸዳት ወፍ

በሰፈሩ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው። ለቀረው ሰው እሱ «ቀና በሉ» ነው። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ አይፈረድባቸውም። ከነጩ መጋረጃ ፊት ባለችው ክብ በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ «ቀና በሉ፤ አገጭዎን ትንሽ ዝቅ፤ አሁን እንዳይንቀሳቀሱ» ሳይባል ተነስቶ አያውቅም። ዕድሜውን የፈጀው ጉርድ ፎቶ በማንሳት ነው። ይህን የወፍ ጉድ የሚያወራውም ራሱ ነው፤ ሌላ ሰው ከጀመረው እንኳ «ቆይ፣ አበላሸኸው፤ እኔ ከዚያ የባስኩ ሞኝ ነበርኩ» ብሎ ይነጥቀዋል።

ፎቶ ቤቱ በጫማ ሰፊውና በቁልፍ ቀራጩ መካከል የተወሸቀች ጠባብ ክፍል ናት። ፊት ለፊት ደንበኛ ይነሳል፤ ከመጋረጃው ጀርባ ኮምፒውተሩ አለ፤ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ደግሞ ማንም የማይደርስበት የአሮጌ ዕቃ ክምር። ቀና በሉ የሚኮራው በማንሳቱ አይደለም። «ማንሳትማ ስልክም ያነሳል» ይላል። የሱ ሙያ ማጽዳት ነው። ብጉር፣ ጠባሳ፣ የዓይን ሥር ጥቁረት፣ የግንባር መስመር፣ ደንበኛው ጠየቀውም አልጠየቀው ሁሉንም ጠራርጎ ያወጣዋል። አንድ ነጋዴ በፓስፖርቱ ፎቶ የተነሳ «ይሄ ታናሽ ወንድምህ ነው» ተብሎ ከአየር ማረፊያ ሊመለስ ምንም አልቀረውም ነበር። ሰውዬው ሊጣላ ሲመጣ ቀና በሉ ወንበር ስቦ፣ ውሃ አቅርቦ፣ ታሪኩን ሁለቴ አስነገረው። እንደ ሽልማት ነበር የቆጠረው።

የሙያው ዋና ምስክር ግን መንገድ ዳር ባለው የፎቶ ቤቱ ማሳያ መስታወት መሃል፣ በትልቁ ፍሬም ውስጥ ያለችው ሚስቱ ናት። ገና ሲተጫጩ ነው ያነሳት። ፊቷ እንደታጠበ ሰሃን የጠራ ነው። ሚስቱ በትምህርት ቤት ጸሐፊነት የምትሠራ፣ ንግግሯ ቁጥብ፣ በግራ ጉንጯ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ጥቁር ነጥብ ያላት ሴት ናት። ከሥራ ስትመለስ በመስታወቱ ፊት ታልፋለች፤ ቀና ብላ ግን አታይም። ቀና በሉ ይህንን ዓይን አፋርነት ነው ብሎ ያምን ነበር።

የወፉ ነገር የተጀመረው በሚስቱ ታላቅ ወንድም ቤት፣ ከምሳ በኋላ ነው። ወንድምየው መኪና መንዳት ስለሚያስተምር ሁሉም «አሰልጣኙ» ይለዋል። የዚያን ቀን ጎረቤቱ የሆኑት ጡረታ የወጡ ፋርማሲስትም አብረው ነበሩ፤ እሳቸውን ትልቁም ትንሹም «እትዬ» ነው የሚላቸው። አንዲት ትንሽ ወፍ መጥታ መስኮቱ ላይ አረፈች።

«ይቺ ደሞ ምን የምትባል ወፍ ናት?» አለ አሰልጣኙ።

«ወፍ ናታ» አለ ቀና በሉ።

እትዬ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ «ያቺን ነጯን ክኒን ስጡኝ» የሚል በሽተኛ ሲያበግናቸው የኖሩ ሴት ናቸው። «አንተንስ ‹ሰውዬ› ብለን እንለፍህ?» አሉት። ከዚያ ቤታቸው ሄደው አንድ ወፍራም የወፍ መጽሐፍ ይዘው መጡ። መስኮቱ ላይ የነበረችውም ተራ የቤት ድንቢጥ መሆኗ ታወቀ። ከዚያች ድንቢጥ ተነስቶ ወሬው ሰፋ፣ ሰፍቶ ወደ ፉክክር ሄደ፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ውድድሩ ታወጀ፦ እስከሚመጣው ዓመት ድረስ ብዙ የወፍ ዓይነት በራሱ እጅ ፎቶ አንስቶ፣ ለይቶ ያመጣ ያሸንፋል። ዳኛዋ እትዬ ናቸው። ፎቶ ሲቀርብላቸው «ምልክቷ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ መልሱ ካጠገባቸው «ትመዝገብ»፣ ካላጠገባቸው «ትቆይ» ይላሉ።

«ያሸነፈስ ምን ያገኛል?» አለ ቀና በሉ፤ የሚያሸንፈው ማን እንደሆነ በልቡ ጨርሶ።

አሰልጣኙ አገጩን አሻሸ። «እኔ ካሸነፍኩ፣ ከወፎቼ አንዷን በትልቁ አሳትመህ በዚያ በመስታወትህ መሃል ለአንድ ዓመት ትሰቅልልኛለህ። እኩል ከወጣን መስታወቱ አይነካም።»

«እህትህን ልታስወርዳት?»

«ይውረድ፤ እኔን ምን ቸገረኝ» አለች ሚስቱ ሰሃን እያነሳች። ቀና በሉ ይህንንም ትሕትና መሰለው። መሪ ጨብጦ የኖረ ሰው ካሜራ ጨብጦ የኖረን ሰው እንዴት አድርጎ ያሸንፋል? «እሺ» አለ አፉን ሞልቶ።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ውርደት በውርደት ነበሩ። ቀና በሉ በሕይወቱ አንስቶ የሚያውቀው ተቀመጥ ሲሉት የሚቀመጥ ፍጡር ነው። ወፍ ደግሞ አትቀመጥም፤ ከተቀመጠችም ጀርባዋን ትሰጣለች። ባለ ሦስት እግር ማቆሚያውን እስኪዘረጋ ዛፉ ባዶ ይሆናል። ከልማዱ የተነሳ በጠራራ ፀሐይ ፍላሽ ያበራባታል፤ አልፎ ተርፎም «እንዳይንቀሳቀሱ» ይላታል፣ በአክብሮት። ለእትዬ ያቀረባቸው ፎቶዎች ቅርንጫፍ፣ ሰማይ፣ ጭራ፣ አንዳንዴም ጭራዋ የነበረበት ቦታ ናቸው። አንድ ጠዋት ከውሃ ታንከር ላይ ያረፈ ጭልፊት አገኘሁ ብሎ በሆዱ ተኝቶ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ እስኪበቃው አነሳ። ጭልፊቱ የማይንቀሳቀስ መሆኑ በጣም ነበር የማረከው፤ «ሥርዓት ያለው ወፍ» ብሎ አመስግኖታል።

እትዬ ፎቶውን በማጉያ መስታወታቸው አዩና «ምልክቱ ምንድን ነው?» አሉ።

«ጥቁር ነው፣ ጠንካራ ክንፍ አለው፣ እርጋታ አለው።»

«አውራ ጣትም አለው» አሉ እትዬ። «ልጄ፣ ይሄ ሠራተኛ ረስቶት የሄደ ጓንት ነው። ይቆይ።»

አሰልጣኙ እንደ ጉድ ሳቀ። ለሱ ወፍ በነጻ ነበር የምትመጣው። ተማሪው መኪናውን ባጠፋ ቁጥር እሱ በመስኮት አንድ ወፍ ያነሳል፤ በዚያ ዓመት ደግሞ እግዜር ይስጣቸውና ተማሪዎቹ ሁሉ መኪና የሚያጠፉ ነበሩ። ፎቶዎቹ ዘመም ያሉ ናቸው፤ ባንዱ ጥግ ጣቱ፣ በሌላው የተማሪው ጆሮ ይገባል። ወፏ ግን ከነምልክቷ ቁልጭ ብላ ትታያለች። «ምልክቷ?» ሲባል «ቢጫ ምንቃር፣ ነጭ ሽንጥ» ብሎ እንደ መንገድ ምልክት ያነበንበዋል። ትመዝገብ፣ ትመዝገብ፣ ትመዝገብ።

ቀና በሉን ያዳነችው ሚስቱ ናት። አንድ ቅዳሜ፣ ወገቡን ይዞ ሲያቃስት ብታየው ጊዜ አዘነችለትና ታጣፊ ወንበር ይዛ ተከተለችው። ወንበሯን ዘርግታ ዝም ብላ ትቀመጣለች። ትንሽ ቆይታ «እዚያ ጋ» ትላለች፣ እጇን ሳታነሳ፣ በአገጯ ብቻ። እውነትም እዚያ ጋ ትሆናለች። «እንዴት አየሻት?» ሲላት «አየኋታ» ነው መልሷ። ካሜራውን ሊደግን ሲንደፋደፍ ደግሞ «መጀመሪያ ዝም ብለህ እያት» ትለዋለች። እሱ ግን የታየ ነገር ሁሉ ቶሎ ካልተነሳ የሚያመልጥ ይመስለዋል። እንዲህም ሆኖ በሷ ዓይን፣ በሱ ጣት፣ የፍሳሽ ማጣሪያውን ኩሬና የስታዲየሙን ጀርባ ሲያስሱ ከርመው አሰልጣኙ ላይ ደረሱበት ለማለት ጥቂት ቀራቸው። የመጨረሻው ሳምንት ሲገባ አሰልጣኙ የሚመራው በአንድ ወፍ ብቻ ነበር። አንዲት ወፍ ከተገኘች እኩል ይወጣሉ፣ ትልቁ ፍሬምም ከቦታው አይነቃነቅም።

ያቺን አንዲት ወፍ እትዬ ራሳቸው ነበሩ የጠቆሙት። የቤት ድንቢጥ የምትመስል፣ ነገር ግን አናቷ ቀላ ያለ፣ ነጭ ጉንጯ ላይ ጥቁር ነጥብ ያላት ድንቢጥ አለች። በከተማው እምብዛም አትታይም። አሰልጣኙም አላገኛትም።

በመጨረሻው ቅዳሜ ጠዋት ሚስቱ ከአንድ ዱቄት ፋብሪካ ጓሮ አገኘችለት። ከጆንያ የሚፈሰውን ስንዴ ለመልቀም ድንቢጥ እንደ አሸዋ ይፈስበታል። ቀና በሉ በሽቦ አጥሩ ሥር ዱቄት ላይ በሆዱ ተዘረረ። ሚስቱ ከወንበሯ ሆና «ከዛፉ ግንድ በስተግራ፣ ብቻዋን ያለችው» አለችው በሹክሹክታ። አያት። ነጥቧ እንደ ቀለም ጠብታ ጉንጯ ላይ ቁጭ ብላለች። ድንቢጧ ግን አንገቷን ቀብራ ትለቅማለች። ከልማዱ ሌላ ዘዴ አልመጣለትም፤ «ቀና በሉ» አላት ቀስ ብሎ።

ድንቢጧ ቀና አለች።

ይህን ሲያወራ ዛሬም ድረስ ድምፁ ይለወጣል። በዚያ ዓመት ሙሉ የታዘዘችለት ወፍ እሷ ብቻ ናት። ሲነሳ ከደረቱ እስከ ጉልበቱ ነጭ ሆኖ ነበር፤ ሚስቱ በነጠላዋ ጫፍ እያራገፈችለት ከት ብላ ሳቀች፣ እሱም ሳቀ። «ነጥቧን አየሻት?» «አየኋት።» በሰላም ተለያዩ፤ እሷ ወደ ቤት፣ እሱ ወደ ሥራው።

ያኔ ወደ ቤት ቢሄድ ኖሮ ይህ ታሪክ እዚህ ላይ በደስታ ያልቅ ነበር። ነገር ግን ቅዳሜ ነው፤ ከአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመጡ ተማሪዎች ለመታወቂያ ተነስተዋል፤ ፎቷቸውንም እሱ ወደ እትዬ ቤት ከመሄዱ በፊት መጥተው ይወስዳሉ። ቀና በሉ የወፏንም የተማሪዎቹንም አንድ ላይ ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጦ ማጽዳት ጀመረ። በዚያ ዕድሜ ያለ ፊት ደግሞ ብጉር ብቻ ነው። እጁ ይሠራል፣ ሐሳቡ እትዬ ቤት ነው፤ አሰልጣኙ ኩም ሲል፣ እትዬ «ትመዝገብ» ሲሉ፣ ፍሬሙ በቦታው ሲቀር ይታየዋል። ብጉር አጠፋ፣ ቀጠለ። ጠባሳ አጠፋ፣ ቀጠለ። አናት ላይ ቅላት አየ፤ የመብራት ስሕተት ነው ብሎ አስተካከለ። ጉንጭ ላይ ጥቁር ነጥብ አየ፤ ጠረገ። ከኋላ የነበረውን ሽቦ አጥር አንስቶ ንጹሕ ነጭ አደረገለት። ቀጠለ። እንደ ሁልጊዜውም በዚያው በነበረበት ላይ አስቀምጦ፣ ለሰኞ ደንበኛ ቦታ እንዲኖር የካሜራውን ሚሞሪ ባዶ አደረገው። ፎቶዎቹን ሲያትም ወፏ በተማሪዎቹ መካከል ወጣች። እንዴት ታምራለች አለ። ፖስታ ውስጥ ከተታት።

እትዬ ቤት ሁሉም ተሰብስቧል። ቀና በሉ ፖስታውን ከኪሱ ያወጣው ቀስ ብሎ ነው፤ ሰው እንዲጓጓ።

«ምልክቷ ምንድን ነው?» አሉ እትዬ።

«ጉንጯ ላይ ያለችው ጥቁር ነጥብ! አናቷም ቀላ ያለ ነው» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ ወደ አሰልጣኙ እያየ።

እትዬ ማጉያ መስታወታቸውን አነሱ። ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉ፣ አራቁ። «የታለች?»

«ይቺውልዎት…» ብሎ ጣቱን ሰደደ። ጣቱ ነጭ ጉንጭ ላይ አረፈ። ወዲያ ፈለገ፣ ወዲህ ፈለገ። አንዲት ንጹሕ፣ የተከበረች፣ ፓስፖርት ልታወጣ የተዘጋጀች የቤት ድንቢጥ ከነጭ መጋረጃ ፊት ቀና ብላ ታየዋለች።

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ነበረች።»

«ነበረች፤ እኔም አይቻለሁ» አለች ሚስቱ።

«ምስክር አልጠየቅኩም፤ ምልክት ነው የጠየቅኩት» አሉ እትዬ፣ ባይጨክኑም ሕግ ነውና። «ይቺ ድንቢጥ የዛሬ ዓመት መስኮት ላይ የመጣችው ናት። እሷን ደግሞ አስቀድመህ አስመዝግበሃል።»

አሰልጣኙ ፎቶውን ተቀብሎ አየ፤ ከዚያ አማቹን አየ፤ ከዚያ እንደገና ፎቶውን። «አንተ» አለ፣ «ወፏን አጸዳሃት እንዴ?»

ሳቁ ቤቱን ሞላው። እትዬ ማጉያውን ጥለው ሳቁ። ቀና በሉ ራሱ፣ ሌላ ምን ያድርግ፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሚስቱም እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እንባዋን ስትጠርግ ግን እጇ ግራ ጉንጯ ላይ ቆይቶ ቀረ፤ ያንን ያየ አልነበረም።

ሲመለሱ ከቤታቸው በር ጥቂት እርምጃ ሲቀራቸው ቆመች። ሁለቱንም ጉንጮቿን በሁለት መዳፎቿ ሸፈነች።

«የኔዋ የትኛው ጉንጬ ላይ ናት?» አለችው።

«የምን?»

«ነጥቤ።»

ጠዋት ማታ የሚያያት ሴት ናት፤ ሰው የማያስተውለውን የወፍ ላባ መስመር ሲመረምር የከረመ ሰው ነው። ወደ ዓይነ ሕሊናው የመጣችለት ግን የመስታወቱ ሴት ናት፤ እሷ ደግሞ ነጥብ የላትም። «ቀኝ» አለ በመጨረሻ። ከዓይኗ ስሕተቱን አነበበና «ከኔ በኩል ማለቴ ነው» ብሎ ጨመረ። በዕድሜው ከተናገራቸው ሁሉ ይህቺ አረፍተ ነገር ናት እስካሁን የምታሳፍረው።

«ትቆይ» አለች ሚስቱ፣ ልክ እንደ እትዬ። መዳፎቿን አወረደች። በግራ በኩል ነበረች።

«ፎቶውን ወደ ቤት ይዤው የሄድኩ ጊዜ» አለች፣ ሳትቆጣ፣ «እናቴ አየችውና ‹ልጅቷ ቆንጆ ናት፤ የኛ ልጅ ፎቶስ የታለ?› አለች።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«በጣም ደስ ብሎህ ነበር።»

እሱ ስጦታ የሰጣት መስሎት ነው የኖረው። ስትቀበለው ያለቀሰችውን በደስታ ነው ብሎ ለስንት ሰው አውርቷል። አፈረ፤ ከማፈሩም በላይ አዘነ። በቤቱ ያለችውን ሴት ሳያይ የሰው አጥር ሥር በሆዱ እየተሳበ ወፍ የሚለይ ሰው ምን ይባላል? እትዬ ቢጠየቁ ለዚህ ዓይነቱም መጽሐፋቸው ውስጥ ስም አያጡለትም።

በማግስቱ ፎቶ ቤቱን ከውስጥ ቆልፎ ማንም የማይደርስበትን ክምር አፈረሰ። የወፏ ነጥብ ላትመለስ ሄዳለች፤ ኮምፒውተር የበላውን አይተፋም። የሚስቱ ዘመን ግን የፊልምና የኔጌቲቭ ዘመን ነበር። ያኔ ማጽዳት ማለት በቀጭኑ የተቀረጸ እርሳስ ይዞ፣ ነጥቡ ያለበትን ቦታ ኔጌቲቩ ላይ ቀስ እያሉ መሸፈን ነው። ከብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ በቢጫ ወረቀት ተጠቅልላ አገኛት። ወደ መስኮቱ አነሳት። እርሳሱ እንደተቀባ ነው፤ የእጁን ሥራ አወቀው፤ ግሩም ሥራ ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለውና።

ጥጥ በአልኮል ነክሮ ዳበሳት። ጥጡ ጠቆረ። ደግሞ ዳበሳት። ከእርሳሱ ሥር፣ ያ ሁሉ ዘመን ምንም ሳትሆን፣ ነጥቧ ቁጭ ብላ ነበር። ቀና በሉ በርጩማው ላይ፣ ደንበኛ በሚቀመጥበት ቦታ ተቀመጠና፣ ካሜራውን ሳይነካ አያት።

ኔጌቲቩን በብርሃን ላይ አድርጎ በካሜራው አነሳት፤ ኮምፒውተሩም ወደ ፎቶ ገለበጠለት። ስክሪኑ ላይ ወጣት ሚስቱ ከነነጥቧ፣ ከግንባሯ ትንሽ መስመር፣ ከዓይኗ ሥር ከነበረው ድካም ጋር ብቅ አለች። ቀኝ እጁ ሳያዘው ወደ ማውሱ ሄደ። ይዞ መለሰው፤ እስኪታተም ድረስ ጭኑ ሥር ከቶ ተቀመጠበት።

ሰኞ ጠዋት፣ ቃል ቃል ነውና፣ መሰላል ላይ ወጥቶ ትልቁን ፍሬም አወረደ፤ በቦታውም የአሰልጣኙን ወፍ ሰቀለ። ከመኪና የጎን መስታወት ላይ የቆመች፣ ዘመም ያለች ዋኖስ ናት፤ ጥግ ላይ የአሰልጣኙ ጣት ገብቷል። ቀና በሉ ያቺን ጣት ለማጥፋት ሊሞት ደርሶ ነበር፤ ተዋት። ከጎኗ፣ በትንሽ ፍሬም፣ አዲሷን ፎቶ ሰቀለ። ያቺን ዋኖስ ያየ ደንበኛ ሁሉ «ይሄን ደሞ ማን አነሳው?» ይለዋል፤ እሱም በየቀኑ «አማቼ ነው፤ አሸንፎኝ ነው» ይላል።

አሰልጣኙ ድሉን ሊያይ ተማሪ እንዳሳፈረ መጣ። የመኪናዋ ሞተር ልክ ከመስታወቱ ፊት ጠፋ። ወርዶ ገና ለመፎከር አፉን ሲከፍት ትንሿን ፍሬም አያት። ወፉንም ረሳ። «እህቴ እኮ ናት» አለ።

ሚስቱ ከሥራ የተመለሰችው ወንድሟ ከሄደ በኋላ ነው። እንደወትሮው ወደ መንገዱ እያየች ልታልፍ ስትል ቀና በሉን በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው፤ በአገጩ ብቻ ወደ መስታወቱ ጠቆማት፣ እንደሷ። ቦርሳዋን እንደያዘች ቆመች። አየች። ጫማ ሰፊው መዶሻውን አቁሞ እስኪያያቸው ድረስ ነው የቆዩት።

«ምልክቷ ምንድን ነው?» አለች ዞር ሳትል።

«ግራ ጉንጯ ላይ ያለች ጥቁር ነጥብ» አለ ቀና በሉ። «የራሷ ግራ።»

ሚስቱ ትንሽ አሰበችበት።

«ትመዝገብ» አለችና፣ ቦርሳዋን አሲዛው ወደ ቤት ገባች።